የባለቤትህ ካንሰር ሲመለስ፦ ለሕክምና ከቤት ከመውጣትህ በፊት



ለዛሬ በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ይዤ መጥቻለሁ። ጠያቂው ወሎ የሚኖር ወንድም ሲሆን የማቀርበውም በፈቃዱ ነው። ባለቤቱ ከዓመታት በፊት በጡት ካንሰር ታማ ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ ኬሞዋን ጨረሰች፣ «አልሐምዱሊላህ ተገላገልን» ተብሎ ሰደቃም ወጣ። አሁን ሕመሙ ተመልሷል። አዲስ አበባ ልውሰዳት ወይስ ሕንድ ልሻገር? መሬት ልሽጥ ወይስ ልበደር? እዚያ ስንቆይ ሶላታችንስ እንዴት ይሁን? ይህን ሁሉ ጠይቆ ሲያበቃ፣ እንደ ትንሽ ነገር አንድ መስመር ጨመረ፦ እሷ ግን መመለሱን አታውቅም፣ ጨጓራ ነው ብለናታል።

እኔ መልሴን የምጀምረው ከዚህች ከመጨረሻዋ መስመር ነው። ከዚያ በፊት ስለ ራሱ ስለ ወንድማችን ጥቂት ልበል፤ ጽሑፉ ውስጥ ድካሙ ይታያል።

የበድር ዘመቻ በሂጅራ 2ኛው ዓመት፣ በረመዷን ወር ሲካሄድ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) አልተገኙም። ባለቤታቸው፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ)፣ ታማ ነበርና እሷን ሊያስታምሙ መዲና ቀሩ። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ባወሩት፣ ቡኻሪም በዘገቡት መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በድር ላይ የተገኘ ሰው የሚያገኘውን አጅርና ድርሻ ለዑስማን እንዲሆን ወስነውላቸዋል። በድር እኮ ነው! ከእስልምና ዘመቻዎች ሁሉ እንደሱ ያለ ማዕረግ ያለው የለም። ሩቀያ ግን ከዚያ ሕመም አልተነሳችም። የድሉ ዜና መዲና ሲደርስ ሰዎች ቀብሯ ላይ አፈር እየመለሱ ነበር። የዑስማን አጅር በእሷ መዳን ላይ አልተንጠለጠለም። አልጋዋ አጠገብ በመቀመጣቸው ነው የተጻፈላቸው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ካርድ ለማውጣት ሌሊት የተሰለፍክበትን፣ ኮሪደር ላይ ጋቢህን ለብሰህ ያደርክበትን ሁሉ ኒያህን አስተካክለህ ቁጠረው። እህቴ፣ የታመመው ባልሽ ከሆነም ነገሩ ያው ነው፤ «እሱ» እያልሽ አንብቢው።

አሁን ወደ ጨጓራዋ እንመለስ።

በአገራችን ይህ የተለመደ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያወጣ ወንድም ወይም ባል ቀድሞ ይገባና «እባክህ ዶክተር፣ ለእሷ አትንገራት፣ ትሰበራለች» ይላል። የሚለው ከፍቅር ነው፣ አልጠራጠርም። አንዳንዱ ባል ደግሞ ለባለትዳሮች ንግግር በሐዲስ የተሰጠውን ፈቃድ ይጠቅሳል። ኢማም አን-ነወዊ ያንን ሐዲስ ሲያብራሩ ግን አንዱ የሌላውን ሐቅ የሚያስቀርበት ማታለል ከፈቃዱ እንደማይገባና በዑለማዎች ስምምነት ሐራም እንደሆነ አስቀምጠዋል። እንግዲህ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ከሚኖረው ሐቅ የሚበልጥ ምን ሐቅ አለ?

ሦስት ዘገባዎችን አብረን እንመልከት፤ ሦስቱም ስለ ታማሚ ናቸው።

አንደኛው ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ለተማሪያቸው ለዐጧእ ያሳዩዋት ጥቁር ሴት ነች። የሚጥል በሽታ ነበረባት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ ዱዓ ስትጠይቅ፣ ብትታገስ ጀነት እንደምታገኝ፣ ከፈለገች ደግሞ እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። መረጠች። ሶብርን ይዛ፣ ስትወድቅ ሰውነቷ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ እንዲደረግላት ለመነች፤ ተደረገላትም። ብዙ ጊዜ ይህን ሐዲስ ለሶብር ብቻ እንጠቅሰዋለን። እኔን ግን ሁሌም የሚያስቆመኝ ምርጫው የቀረበው ለራሷ መሆኑ ነው። ወንድሟ ወይም ባሏ አልተጠሩም።

ሁለተኛው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጨረሻ ሕመም ላይ የሆነ ነው። ቤተሰቡ በአፋቸው ጎን መድኃኒት ሊያፈስሱላቸው ሲሉ እንዳያደርጉ በምልክት ከለከሉ። ሰዎቹ «ታማሚ መድኃኒት ይጠላል» ብለው አሰቡና ሰጧቸው። ሲነቁ ተቆጡ፤ ነገሩ ሲደረግ ካልነበሩት ከዐባስ (ረ.ዐ) በቀር ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲቀምስ አዘዙ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ናት ያወራችው፣ ቡኻሪ ዘግበውታል። የታማሚን «አይሆንም» እንደ በሽታው ምልክት አድርጎ ማለፍ ከጥንትም የነበረ የአስታማሚ ፈተና ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ከዛሬው ርዕሳችን ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ስለ ቦታ ነው። ሕመሙ ሲጠናባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዓኢሻ ቤት ለመታመም ሌሎቹን ባለቤቶቻቸውን አስፈቀዱ። ፈቀዱላቸውና በሁለት ሰው ተደግፈው፣ እግራቸው መሬት እየጎተተ ሄዱ። ታማሚ የት ሆኖ እንደሚታመም ምኞት አለው፤ ምኞቱም ይከበራል።

እንግዲህ ጠያቂያችን አዲስ አበባ ወይስ ሕንድ ብሎ እኔን ከመጠየቁ በፊት እሷን ይጠይቅ። እንዴት? በአንዴ ማፍሰስ የለበትም። መጀመሪያ «የሐኪሙን ውጤት በሙሉ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ እኔ ልያዘው?» ይበላት። «አንተ ጨርሰው፣ እኔ ዝርዝሩን አልፈልግም» ካለች ይህም ውሳኔዋ ነው። መስማት ከፈለገች ሐኪሙ ራሱ፣ በምትረዳው ቋንቋ ይንገራት፤ አንተ እጇን ያዝ። ከልምዴ የምለው አለ፦ አብዛኞቹ ቀድመው ጠርጥረዋል። አንዴ ኬሞ የወሰደች ሴት የካንሰር ክፍል ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ጨጓራ ነው ሲሏት የምታምን ይመስላችኋል? ዝም የምትለው እናንተን ላለማስጨነቅ ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ከባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። «ተመለሰ» የሚለው ቃል አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በዚያው በጡቱ ወይም በጠባሳው ቦታ፣ በብብት ስር ባለው ንፍፊት፣ ወይም ርቆ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት ላይ ሊሆን ይችላል። በቦታው የተመለሰ ከሆነ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ሊያልም ይችላል። ርቆ ከተሰራጨ በአብዛኛው ዓላማው ማቆየት፣ ማስታገስና ዕድሜን ማርዘም ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ የምታቀርበው ትልቁ ጥያቄ «የዚህ ሕክምና ግብ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳታውቅ መሬት አትሽጥ። ሕንድ ሄዶ የሚገኘው መድኃኒት እዚህ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ሊሆንም ይችላል። የሚለየው ምን እንደሆነ በስሙ ጠይቀህ ተረዳ።

ወረቀቶቹን ከወዲሁ ሰብስብ። የመጀመሪያው የፓቶሎጂ ውጤት፣ የሆርሞንና የሄር-2 ምርመራ ውጤት፣ ከተቻለ ናሙናው የተቀመጠበት የሰም ብሎክ፣ የሲቲ ስካን ሲዲዎች፣ የወሰደቻቸው የኬሞ መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ ጨረር ወስዳ ከሆነ የት ቦታና ምን ያህል። ይህ ቢሮክራሲ ብቻ አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀዩ መድኃኒት ልብን ስለሚጎዳ ሰው በዕድሜው ሊወስደው የሚችለው መጠን ገደብ አለው። አንዴ ጨረር ያገኘ ቦታም እንደገና በቀላሉ አይደገምም። አዲሱ ሐኪም የድሮውን ካላወቀ በጨለማ ነው የሚሠራው። ካንሰሩ ሲመለስ ጠባዩን ለውጦ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ አዲስ ናሙና እንውሰድ ቢል «ድሮ ተደርጎላታል» ብለህ አትከራከረው።

የጤና መድህን ካላችሁ ደግሞ የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዝ አትነሳ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በሪፈር ሰንሰለት የሚሄድ ነው፤ ዘለህ ብትሄድ ወጪው ኪስህ ላይ ይወድቃል።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአጥንት ሕመምተኛ በአውቶቡስ ይህ መንገድ ራሱ ሌላ ሕመም ነው። የጨረር ሕክምና በአገራችን ለረጅም ዘመን ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ሰው ለወራት ተራ ይጠብቅ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማና ሐረር ላይም ተጀምሯል። ኬሞ ደግሞ የሚሰጡ የክልል ሆስፒታሎች አሉ። ስለዚህ ሐኪሙን «ዕቅዱ እዚህ ወጥቶ፣ ኬሞውን አገራችን አቅራቢያ መውሰድ ትችላለች?» ብለህ ጠይቅ። ኬሞ በብዙ ዓይነቱ በየሦስት ሳምንቱ ይደጋገማል። ልጆቿን እያየች የምትወስደው ኬሞና ዘመድ ቤት ሳሎን ላይ ተኝታ የምትወስደው ኬሞ አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ መክረም ግድ ከሆነም ለካንሰር ታማሚዎች ድጋፍ የሚያደርጉ እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት አሉና ምን ሊረዱህ እንደሚችሉ ሄደህ ጠይቅ።

አንድ ቴርሞሜትርም ግዛ። ኬሞ ላይ ያለች ሰው ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ነገሩ ድንገተኛ ነው። ነጭ የደም ሴሎቿ ወርደው ይሆናልና ለሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ውጭ አገር መሄድ ከመረጣችሁ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የያዝከው ገንዘብ የድሮውን ዶላር አይገዛምና ሒሳቡን በድሮ ሰዎች ወሬ አትሥራ። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ያሉትን ዙሮች፣ የቤት ኪራዩን፣ የአስታማሚውን ወጪ (ሕንድ ከታማሚ ጋር እስከ ሁለት አስታማሚ ቪዛ ትሰጣለች) ደምረው። ሌላው ደላላው ነው። ድለላ በሸሪዓ የተፈቀደ ሥራ ነው፤ ግን ከሆስፒታሉ ኮሚሽን የሚያገኝ ሰው ምክሩ ከዚያ ነፃ አይሆንም። «ከማን ነው የሚከፈልህ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው። ፊቱ ከተለወጠ መልስህን አገኘህ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ሁሉ ሩጫ ተወኩልን አያጎድልም ወይ?» ይላሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መኖሩን ሰምተው ሰርግ ከሚባለው ቦታ ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ አሏቸው። የዑመር መልስ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው የሚል ነበር። ገጠሬዎቹ ዐረቦች እንታከም ወይ ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁም ታከሙ ነው የተባሉት። ፋቲሓና ሙዓወዘታትን እየቀራህ እጅህን ሕመሙ ላይ አድርግ፤ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለነቢዩ ሙዓወዘታትን ቀርታላቸዋለች። «ሩቅያው እንዲሠራ ኬሞውን አቁሙ» ከሚል ሰው ግን ራቅ። እንዲህ ያለውን የሚጠይቅ አያም ሐዲስም አላውቅም።

ወደ ገንዘቡ ልለፍ፤ እዚህ ላይ ግልጽ መሆን እፈልጋለሁ። የድሮዎቹ የአራቱ መዝሀብ ፉቀሃዎች የሚስትን የሐኪምና የመድኃኒት ወጪ ከባል የነፈቃ ግዴታ ውስጥ አልቆጠሩትም። ይህን ሰምቶ «ወደ ቤተሰቦቿ ልላካት» የሚል ሰው አለ። በጤናዋ ጊዜ ቤቱን ያቆመች ሴት ጸጉሯ ሲረግፍ ሻንጣዋ ተይዞ የአባቷ ደጃፍ ላይ የምትወርድበትን ጊዜ ሰምተናል። የዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ግን ሕክምና ዛሬ እንደ ምግብ የግድ ሆኗልና በባል ላይ ግዴታ ነው ብለዋል። ሶርያዊው ዓሊም ዶክተር ወህባ አዝ-ዙሐይሊ ከእነዚህ አንዱ ናቸው፤ በጤናዋ አብሯት ኖሮ ስትታመም ወደ ቤተሰቧ መመለስ ከመልካም አኗኗር ጋር እንደማይሄድ ጽፈዋል። ልቤ ያረፈው እዚህ ላይ ነው። በመልካም እንድንኗኗራቸው ያዘዘን ቁርኣን ለጤና ጊዜ ብቻ ብሎ አልወሰነውም።

አቅምህ ካልደረሰስ? ዘካ ለድሃ፣ ለችግረኛ፣ ለባለ ዕዳ፣ ለመንገደኛም ነው። አገሩ ላይ ንብረት ኖሮት መንገድ ላይ ገንዘብ ያለቀበት ሰው እንኳ በመንገደኛ ድርሻ ይገባል። እናም አትፈር። ከወለድ ብድር ግን ተጠንቀቅ፤ ቀርድ ሐሰን የሚሰጥህን ዘመድ፣ ከወለድ ነፃ ባንክ ያለውን አማራጭ አስቀድመህ ጨርስ። ስትበደር በሱረቱል በቀራ እንደታዘዝነው ጻፈው፣ ምስክር አድርግ። ሊከፍል አስቦ የተበደረን ሰው አላህ እንደሚከፍልለት ሐዲስ አለ።

በፌስቡክና በቴሌግራም የምታሰባስብ ከሆነ ገንዘቡ አማና ነው። ለእሷ ሕክምና ብለህ ከሰበሰብክ ለእሷ ሕክምና ብቻ ነው። ከተረፈ ለሰጪዎቹ አሳውቀህ ትመልሳለህ ወይም በፈቃዳቸው ለሌላ ታማሚ ታስተላልፋለህ። ሱቅ አይከፈትበትም። አንድ ደብተር ያዝ፣ ሌላ ታማኝ ሰውም አብሮህ ይፈርም። ፎቶዋንስ? ይህንንም እሷን ጠይቅ። ጡቷ የታሰረበትን ምስል ሕዝብ እንዲያየው ሳትፈቅድ የሚለጥፍ ባል ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል፤ ክብሯን ግን ይከፍልበታል።

ስለ ሶላቱ ባጭሩ። መንገድ ላይ ታሳጥራላችሁ። አዲስ አበባ ስትደርሱ ቆይታችሁ የታወቀ ከሆነ፣ በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቆየት የነየተ፣ በሐነፊይ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን የነየተ፣ ሙሉ ይሰግዳል። ታዲያ ሆስፒታል ውስጥ «ነገ ኑ፣ ከነገ ወዲያ ኑ» የሚባለውስ? መቼ እንደምትመለሱ ሳታውቁ በየቀኑ የምትጠብቁ ከሆነ ሐነፊዮች ኒያህ እስካልቆረጠ ድረስ ማሳጠሩን ይፈቅዳሉ፤ ሻፊዒዮች እስከ አሥራ ስምንት ቀን ይላሉ። እሷ ደግሞ መንገደኛ ባትሆንም ሕመሙ ከበዳት ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻ ማገናኘት በሐንበሊዮች ዘንድ የተፈቀደ ነው፣ ከሻፊዒዮችም ኢማም አን-ነወዊ ደግፈውታል። ተቀምጣ፣ ካልቻለች ተኝታ ትሰግዳለች። ውሃ ከጎዳት ተየሙም አለ። ወንድ ሐኪም ሲመረምራት ሴት ሐኪም ካልተገኘች ኃጢአት የለባትም፤ የሚገለጠው አስፈላጊው ብቻ ይሁን፣ አንተም አብረሃት ግባ።

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ተቀምጣችሁ ጻፉ። ያልከፈልካት መህር ካለ ክፈላት፤ ብዙ ቤት ውስጥ «በኋላ» እንደተባለ የቀረ መህር አለ። እሷም ያበደረችው፣ የተበደረችው፣ የምትናዘዘው ካለ ይጻፍ። ኑዛዜ የጻፈ ሰው በዚያ ምክንያት አይሞትም፤ የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት እንዳያድር ነው የተመከርነው። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ እሷ ትወስን። ትንሿን ልጅ ለአያት፣ ትልቁን ለአክስት ብላ እስክታስተካክል ቀኑ ቢዘገይ ይዘግይ፤ ለሐኪሙ ንገረውና ምን ያህል መቆየት እንደሚቻል ይንገርህ።

ሕክምናው ተጀምሮም አንድ ቀን «በቃኝ፣ ቤቴ ውሰደኝ» ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ ሐኪሙን ጥራና ማቆም ምን እንደሚያመጣ፣ ማስቀጠልም ምን እንደሚጨምር ፊቷ ያስረዳ። ከዚያ በኋላም ቃሏ ያው ከሆነ የሕመም ማስታገሻውን ሐኪሙ በሚያዘው መሠረት ይዘህ፣ ሞርፊንም ቢሆን ለከባድ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የተፈቀደ ነውና ሳትፈራ፣ ወደ ቤቷ መልሳት።

አዲስ አበባ የምትኖሩ፣ በተለይ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባዶ ክፍል ያላችሁ ወይም ለሳምንት እንግዳ ማሳደር የምትችሉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከክልል የሚመጡ ቤተሰቦች እየጠየቁኝ ነው። መኪና ያላችሁም እንዲሁ፤ ከኬሞ በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ከባድ ነው።

አላህ የታመሙትን ሁሉ ይማርልን፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ብርታት ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።